ሬይድ 1 (ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚይዙበት) ላይ ያሉ ሁለት ኤስኤስዲዎች ዳታቸው አልመሳሰል አለ፤ ሪፔር ልበለው?

ጣና_9፦
ሰላም፣ አስቸኳይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ድርግም ብሎ ነበር። ተነስቷል፤ ግን በኤምዲአድም (የሊኑክስ ሬይድ ማስተዳደሪያ) ቼክ ሳስደርግ ሚስማች ካውንት (ያልተመሳሰሉ ሴክተሮች ቁጥር) 384 አወጣ። ሁለቱም ዲስኮች ስማርት (የዲስኩ የራሱ ጤና መመርመሪያ) ላይ ጤነኛ ናቸው። ከሰዓት ሂሳብ ክፍል ይገባበታል። ሪፔር ብለው ይስተካከላል?

ነጭ_ጋቢ፦
አዎ፣ ሪፔር በለውና ድጋሚ ቼክ አድርግ። ዜሮ ይሆናል።

ሰርቨር_ክፍል፦
ቆይ፣ እንዳትነካው! ሬይድ 1 ቼክሰም (ዳታው አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር) ስለሌለው የትኛው ቅጂ ትክክል እንደሆነ አያውቅም። ሪፔር ስትለው ከመጀመሪያው ዲስክ ያነበበውን ሁለተኛው ላይ ይገለብጣል። የተበላሸው የመጀመሪያው ከሆነ ጤነኛውን ቅጂ አጠፋህ ማለት ነው። መጀመሪያ ባክአፕ አውጣ። ስዋፕ (ራም ሲሞላ የሚያገለግለው የዲስክ ቦታ) እዚሁ ሬይድ ላይ ነው? ትሪም (የተሰረዘ ቦታን ለኤስኤስዲው ማሳወቂያ) በርቷል? ዲስኮቹ መብራት ሲጠፋ ለአፍታ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አላቸው?

ዳታ_ጠባቂ፦
መንስኤው የግድ የመብራቱ መጥፋት ነው አልልም። 384 ሴክተር (እያንዳንዱ 512 ባይት) ማለት ሦስት ጊዜ 128 ነው። ሬይድ 1 የሚቆጥረው በ64 ኪሎባይት (128 ሴክተር) ቁራጭ ስለሆነ በውስጡ የተለየው አንድ ባይት ብቻ ሊሆን ይችላል። ትሪም የተደረገ ቦታ ሲነበብ ደግሞ ዜሮ የማይመልሱ ኤስኤስዲዎች አሉ፤ ባዶ ቦታ ላይ ቢለያዩ አይገርምም።

ነጭ_ጋቢ፦
ባዶ ቦታ ከሆነማ ሪፔር ምን ይጎዳዋል?

ሰርቨር_ክፍል፦
ባዶ መሆኑ ይረጋገጣ! ካፓሲተር የሌለው ኤስኤስዲ ጻፍኩ ያለውን ገና ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) ውስጥ እያለ ሊያጣው ይችላል። ቢትማፑ (ገና ያልተመሳሰሉ ቦታዎችን የሚመዘግበው ካርታ) ግን ቦታውን ተጽፏል ብሎ ዘግቶት ከሆነ፣ ሲነሳ የሚደረገው ሪሲንክ (ዲስኮቹን መልሶ ማመሳሰል) ይዘለዋል።

በላይቭ ዩኤስቢ ተነሳ፤ ሬይዱ በራሱ ከተነሳ አስቁመው። የሁለቱን ዲስኮች ፓርቲሽኖች በሲኤምፒ (cmp -l፣ ሁሉንም ልዩነት እንዲዘረዝር) አነጻጽር። ከዳታ ኦፍሴት (ዳታው ከሚጀምርበት ቦታ) በፊት የሚወጣውን ልዩነት እለፈው፣ የሱፐርብሎክ (የሬይዱ የራሱ መረጃ) ነው። ኤምዲአድም ኤግዛምን ላይ ያለውን ዳታ ኦፍሴት በ512 አባዛ፣ ከባይቱ ቁጥር ቀንስ፣ ሲኤምፒ ከ1 ስለሚቆጥር 1 ደግሞ ቀንስ፣ ለ4096 አካፍል፣ ቀሪውን ተው። ኤክስት4 (የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) በቀጥታ ሬይዱ ላይ ካለ፣ ኤልቪኤም (በመሃል ያለ የዲስክ ክፍፍል) ከሌለ፣ ያ የብሎኩ ቁጥር ነው። ከዚያ ሬይዱን ለንባብ ብቻ አስነሳና በዲባግኤፍኤስ (የፋይል ሲስተም መመርመሪያ) አይቼክ አይኖዱን (የፋይሉን መለያ ቁጥር)፣ ኤንቼክ የፋይሉን ስም ይሰጥሃል። ማውንት እንዳታደርግ፤ ጆርናሉን (ያልተጠናቀቁ ለውጦች መዝገብ) ሊያስኬድ ይችላል። ብሎኩ የማንም ፋይል ካልሆነ የፋይል ሲስተሙ የራሱ መረጃ ሊሆን ስለሚችል በቴስትቢ (testb) ነጻ መሆኑን አረጋግጥና ሪፔር በለው።

ጣና_9፦
ስዋፕ ፋይሉ እዚያው ነው። ዲስኮቹ ተራ የዴስክቶፕ ናቸው። ባክአፕ እየወጣ ነው።

ዳታ_ጠባቂ፦
ሦስቱም ስዋፕ ፋይሉ ላይ ካረፉ አትጨነቅ፤ እዚያ መለያየት የታወቀ ነው። አንዱ እንኳ ዳታቤዙ ላይ ካረፈ ግን ሂሳብ ክፍሉ ከሰዓት አይግባ፤ ያንን ፋይል መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ከተወሰደ ባክአፕ መልስ። አሁን የምታወጣው ስህተቱን ይዞ ሊሆን ይችላልና በአሮጌው ላይ እንዳትደርበው።