ወር አበባዬ ዘጠኝ ቀን ይቆያል፤ ከቤት መድኃኒት የሞከራችሁት አለ?

የባልትናዋ

ሰላም እህቶች። ባልትና እሸጣለሁ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ሁሉም እጄ ላይ ነው። ሴቶች ሱቅ ይመጡና ሰው መኖሩን ዞር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለወር አበባ የሚሆን ምን አለሽ?» ይሉኛል። እኔም እንደ አዋቂ አብሽ እሰፍርላቸዋለሁ። አሁን ተራው የኔ ሆነ።

38 ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ድሮ አራት ቀን መጥቶ ይሄድ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ዘጠኝ ቀን ይቆያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን አይጣል ነው። ሞዴስ በየሰዓቱ እቀይራለሁ። የረጋ ደምም አለው። ማታ ፎጣ አንጥፌ ነው የምተኛው። በእነዚያ ቀናት ከጥቁር ቀሚስ ሌላ አልለብስም።

የሞከርኩትን ልንገራችሁ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ተልባ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በማር ታጠጣኛለች። አብሽ ዘፍዝፌ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃውን እየደፋሁ፣ መትቼ ጠዋት ጠዋት እጠጣለሁ። የዝንጅብልና የቀረፋ ሻይማ ቀኑን ሙሉ ነው። ቀይ ስርም «ደም ይተካል» ተብዬ ሁለት ወር ጨምቄ ጠጥቻለሁ፤ ያተረፍኩት ሽንቴ ሲቀላ መደንገጥ ነው። ለቁርጠቱ የፈላ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ሆዴ ላይ ባደርግ ጠርሙሱ ተጨማዶ ፈሰሰብኝ። (አትሳቁ። ባሌ እስካሁን ይስቃል።) ቁርጠቱስ በሙቀቱም በዝንጅብሉም ቀለል ይለኛል። ደሙ ግን ንቅንቅ አላለም።

አሁን ያስፈራኝ ሌላ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ልቤ ድው ድው ይላል። ጎረቤት አግኝታ ሰላም ስትለኝ ደስ ይለኛል፤ በዚያው ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ፀጉሬም ይረግፋል። አንድ ነገር ደግሞ ለማንም አልነገርኩም። የአፈር ሽታ ያምረኛል። ግቢው ላይ ውሃ ሲረጭ ምራቄ ይሞላል። ባለፈው ጀበና ተሰበረብኝ። ገሉን ስለቅም አንዱን ላስኩት። ጣፈጠኝ! አርግዤ ይሆን ብዬ ተመረመርኩ፣ አይደለም።

ጾም አላጓድልም። ቡናም ከአቦል እስከ በረካ ነው። ጨጓራ አለብኝ። ከወራት በፊት አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ዕድሜሽ ነው፣ የሴት ነገር ነው» ተብዬ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ መሄዱን ጠላሁት። እስቲ የምታውቁትን ንገሩኝ።

የጅዳዋ

አይዞሽ እታለም። ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳሜ ወር አበባ ሲመጣባት ሒልባ አፍይልኝ ትለኛለች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። ጣሳውን ስከፍተው የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ፤ ለካ አብሽ ነው! ቀረፋንም ቂርፋ ብለው ያፈሉታል። እኔም አብሬያት እጠጣለሁ፣ ለሕመሙ ደህና ነው። ደም አቆመልኝ ያለች ሴት ግን እዚህም አልገጠመችኝም። ታላቅ እህቴ ልክ እንዳንቺ ሆና ስትታይ ማዮማ፣ የማህፀን እጢ ማለት ነው፣ ተባለች። ቶሎ ታዪ።

አባ መላ

ጤና አዳም ከነፍሬው ቀቅለሽ በባዶ ሆድሽ አንድ ብርጭቆ ጠጪ። ሦስት ቀን ነው። እናቴ ሰባት ልጅ ያሳደገችው ሐኪም ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ነው። አሁን ምን ሆናችሁ ነው ሁሉን ነገር ወደ ኪኒን የምታደርጉት?

አዋላጅ ነኝ

እህቴ፣ አዋላጅ ነርስ ሆኜ 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ጽሑፍሽን እያነበብኩ የጀበናው ገል ላይ ስደርስ ቆምኩ። አታፍሪ። አፈር፣ ገል፣ ኖራ፣ በረዶ ማማር ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ስንቷ ናት ደብቃው የምትኖር! ብረቱ ሲሞላ አምሮቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ደረጃ ላይ ልብ መምታቱም፣ ፀጉር መርገፉም ከዚያው ጋር ይሄዳል። መስታወት ፊት ቆመሽ የታችኛውን የዓይንሽን ሽፋን ገልበጥ አድርገሽ እዪው። ቀይ መሆን ሲገባው ነጣ ካለ ደም ማነስ ሊሆን ይችላል።

በአንድ ወር አበባ የሚፈሰው ደም በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ የቡና ሲኒ በይው። ከ80 ሲያልፍ ብዙ ነው እንላለን። ግን ማን ሰፍሮ ያውቃል? ስለዚህ ሌላ ነገር እንጠይቃለን። ከሰባት ቀን ያልፋል? ሞዴስ በየሰዓቱ ይሞላል? የረጋ ደም አለው? ሌሊት ያስነሳል? አንቺ ሳትጠየቂ መልሰሽልኛል።

ስለዚህ ነገ ጤና ጣቢያ ሂጂ። «ብዙ ይፈሰኛል» ብለሽ አትጀምሪ። ይህን ሁላችንም ሰምተን ሰምተን ጆሯችን ደንዝዟል። «ዘጠኝ ቀን፣ በየሰዓቱ ሞዴስ፣ የረጋ ደም፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ» በይ። ቁጥር ሲሰሙ ይጽፋሉ። ሲቢሲ የሚባለውን የደም ምርመራ ይሠሩልሽ። እዚያ ላይ ሄሞግሎቢን የሚለው የደምሽን መጠን ያሳያል፤ ላላረገዘች ሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። አዲስ አበባ ከሆንሽ ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች መለኪያው እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። ፌሪቲን የሚሠራበት ካገኘሽ ጥሩ ነው፣ የብረት ክምችትሽን ያሳያል። የማህፀን አልትራሳውንድ ደግሞ የግድ ነው። ደም ለምን እንደበዛ ሳይታወቅ ደም መተካት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። በዚያው ሰገራሽንም አስመርምሪ፤ መንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትልም ደም ይመጥጣል። ለጨጓራሽ ኦሜፕራዞል የምትወስጂ ከሆነ ንገሪያቸው፤ ብረት በደንብ እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

አሁን ወደ ጓዳሽ ልግባ። ጉዳዩ ከአብሹ ይልቅ ቡናው ላይ ነው። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከበላሽ በኋላ ሲጠጡ በምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዙታል። በተለይ የእህልና የቅጠል ብረትን። አስቢው፤ በጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮና ጎመን ትበያለሽ፣ እጅሽን ሳትታጠቢ ጀበናው ይወጣል። ያቺው ትንሽ ብረት በአቦሉ ሄደች። ቡና ተዪ አልልሽም፤ እኔም አልተውኩም፣ ብተውም ጎረቤት አይተወኝም። ብቻ ሰዓቱን ግፊው። ዘጠኝ ላይ ከበላሽ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይፈላ። እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ በረካውን ለሌላ ሰው ተዪው። ያ ቀኑን ሙሉ የምትጠጪው የቀረፋ ሻይ ሻይ ቅጠል ያለው ከሆነ እሱም እንደ ቡናው ነው።

«ጤፍ እበላለሁ፣ ጤፍ ብረት አለው» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። አለው። ግን ጤፍ በከብት እየተበራየ ከአውድማው አፈር ይቀላቀላል፤ ከሚለካው ብረት አንዱ ክፍል የአፈሩ ነው፣ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ደግነቱ ሊጡ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ስለዚህ አብሲት ጥለሽ በደንብ ያቦካሽው እንጀራ ሳይቦካ ከተጋገረ ቂጣ ይሻላል። ጉንቁልም እንደዚያው ነው፤ ባቄላው ሲበቅል ብረቱ ይፈታል። ምስርሽ ላይ ሎሚ ጭመቂ፣ ጥሬ ቃሪያና ቲማቲም አትጥፋ። ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሥጋና በደንብ የበሰለ ጉበት። የብረት ድስት ካለሽም አውጪው። በፈረንጆች 1999 የታተመ ጥናት አለ፤ እዚሁ ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ በብረት ድስት የበሰለ የበሉ ሕፃናት ሄሞግሎቢናቸው ከሌሎቹ ተሽሎ ተገኝቷል። ቀይ ስር? ቀለሙ ነው ቀይ። ለመብላት ጥሩ ነው፣ ደም ይተካል ብለሽ ግን አትጠብቂው።

ዝንጅብልና ሙቀት ለቁርጠት ይረዳሉ፣ ቀጥይበት። ውሃውን ግን በላስቲክ ከረጢት፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ።

ወንድሜ አባ መላ፣ አይቀየሙኝ። ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል ማድረግ ሌላ፣ ቀቅሎ በብርጭቆ መጠጣት ሌላ። ማህፀን ያኮማትራል። እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ ጠጥታ እየደማች የመጣች ሴት ተቀብያለሁ። እንዲህ ያለ ምክር ሲጽፉ ማን እንደሚያነበው አያውቁም።

አባ መላ

እኔ ለክፉ አላልኩም። እናቴም ትንሽ ነበር የምታደርገው መሰለኝ።

እትዬ ጥሩ

ልጄ፣ የጾሙን ነገር ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። እኔ ዓይኔ ላይ ሲጨልም ነግሬያቸው «መጀመሪያ ታከሚ» ነው ያሉኝ። ተቆጥተው አልነበረም። እኔ ነኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈራኋቸው።

የባልትናዋ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ጠፋሁ አይደል? ተመለስኩ።

ሲስተር ባሉኝ መሠረት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሄድኩ። ወረቀቱን ሳነብላት ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ሄሞግሎቢኔ 8.1 ነበር። «በእግርሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ። አልትራሳውንዱ ማዮማ አሳየ፤ አንድ ነው፣ አራት ሴንቲ ሜትር፣ ወደ ማህፀኑ ውስጠኛ ሽፋን የተጠጋ። ለጊዜው ቀዶ ሕክምና አላሉኝም። ወር አበባ ሲመጣ ብቻ የሚዋጥ ደም የሚቀንስ ኪኒንና ብረት ጻፉልኝ። ያለፈው ወር ስድስት ቀን ሆነ። ስድስት ቀን! ሞዴሱም በሦስት ሰዓት፣ በአራት ሰዓት።

ብረቱ ግን መከራ ነው። ሰገራ ይጠቁራል (ሲስተር ይህንን ሳይነግሩኝ፣ ልሞት ነው ብዬ ነበር)። ደግሞ ያደርቃል። አራት ቀን ሙሉ ሽንት ቤት ተቀምጬ ወጣሁ። ይኼኔ እናቴ ተልባዋን ይዛ ደረሰች። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ፣ ከኪኒኑ ሰዓት አርቄ። ሠራ! እናቴ አሁን «ያለ እኔ ተልባ ምን ትሆኚ ነበር» እያለች ለዘመድ ሁሉ ታወራለች። ደሙንም ያቆመው ተልባው ነው ትላለች። አልተከራከርኳትም።

ቡናውን ገፍቼዋለሁ። መጀመሪያ ጎረቤቶቼ ቅር አላቸው። አሁን እነሱም በኔ ሰዓት ይመጣሉ፤ አንዷማ ሄዳ ተመርምራ 10.4 ተባለች። ጾሙን ለንስሐ አባቴ ነግሬ የረቡዕና ዓርቡን ብቻ ይዣለሁ። እትዬ፣ እንዳሉት አልተቆጡም።

ትናንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱቅ መጥታ በዚያችው በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀችኝ። አብሹን ከመስፈሬ በፊት «በስንት ሰዓቱ ነው የምትቀይሪው?» አልኳት። ደነገጠች። ከዚያ በጣቷ አሳየችኝ፣ አንድ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። አብሹንም ሸጥኩላት እንጂ፣ ሥራ ነው።

አዲስ ጀበና ገዝቻለሁ። እስካሁን አልላስኩትም።

አዋላጅ ነኝ

እሰይ! የሰገራውን ባለመንገሬ ይቅርታ። አንድ ነገር ብቻ። ሄሞግሎቢንሽ 12 ቢደርስም ኪኒኑን በራስሽ አታቁሚ፤ ክምችቱ እስኪሞላ ከዚያ በኋላም ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ማዮማውንም እስከመቼ እንደሚከታተሉት ቀጠሮ አስይዢ። ልጅቷ ሄደች?

የባልትናዋ

ሰኞ ጠዋት አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። ሱቁን እናቴ ትጠብቃለች።