ተዳፋት ቦታ ላስደለድል ነው፤ ለቁፋሮው ለብቻው ፈቃድ ይጠየቃል? (ጅማ)

የጊንጆዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ ነው ያለሁት። አባታችን ትቶልን ያለፈው ቦታ አለ፤ 10 ሜትር በ15። ችግሩ ተዳፋትነቱ ነው። ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው በር ሦስት ሜትር ያህል ይወርዳል። ወንድሜ ኳስ ከላይ ይለቅና በሩን ሲመታ እያየ ይስቃል። እኔን ግን አያስቀኝም።

ቤት ከመሥራታችን በፊት መሬቱን ደልደል ማድረግ አሰብኩ። ኤክስካቫተር የሚያከራይ ሰው አገኘሁ። "በሰዓት ነው የምንሠራው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ቅዳሜ እጨርስልሻለሁ" አለኝ። ፈቃዱስ ስለው ሳቀብኝ። "መሬት ማስተካከል ግንባታ አይደለም፣ ማንም አይጠይቅሽም።" ካርታው በእናቴ ስም ነው። የግብር ደረሰኙም አለ። የቤቱ ፕላን ግን ገና አልተሠራም።

ከላይ በኩል ያሉት ጎረቤታችን ትልቅ ሰው ናቸው። አጥሩ ላይ አንድ ግዙፍ አቦካዶ አላቸው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንለቅም የኖርነው። ከአቦካዶው ኋላ የጭቃ ማድ ቤታቸው አለ። ማሽኑ ከሥሩ ሲቆርጥ ሳስበው ሆዴን ባር ባር ይለኛል።

ለቁፋሮ ብቻ የሚሰጥ ፈቃድ አለ ወይ? ቅዳሜ ላስጀምር ወይስ ልተወው?

ባለ ባጃጁ

እህቴ ምን ፈቃድ ትያለሽ፣ የራስሽ ቦታ አይደል እንዴ? እኛ ሰፈር ያልቆፈረ የለም። እሁድ በጠዋት አስጀምሪ፣ ሰው ቁርስ በልቶ ሳይወጣ አልቆ ታገኚዋለሽ።

ቀይ አፈር

ወንድሜ፣ አንተ ባጃጅህን ንዳ። ልጄ፣ ቅዳሜውን ሰርዢው።

ሃያ ምናምን ዓመት ፎርማን ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ብዙውን እዚሁ ጅማ። አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ውያለሁ። ጊዜ ስላለኝ ረዘም ቢል አትቀየሚኝ።

በፈቃዱ ልጀምር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ 624 የምንለው፣ 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች ነው የተጻፈው። ጅማ ደግሞ ከዚያ ስንት እጥፍ ናት። ፈቃድ የሚሰጠውን ሰው "የሕንፃ ሹም" ይለዋል። አሠራሩ በየጊዜው ይሻሻላል፤ የዛሬውን ቅጽና ክፍያ መስኮቱ ላይ ሄደሽ ጠይቂ። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ግን ቁፋሮ ለብቻው ወረቀት ኖሮት አያውቅም። ከቤቱ ጋር ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የፕላን ስምምነት (ልትሠሪ ያሰብሽው ከከተማው ፕላን ጋር ይሄዳል የሚል ወረቀት)፣ ቀጥሎ ዲዛይን፣ ቀጥሎ የግንባታ ፈቃድ፣ ከዚያ አካፋ። አንቺ አሁን ልታደርጊ ያሰብሽው ሙሽራ ሳይገኝ ድንኳን መትከል ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃትን ነገር ልንገርሽ። ዲዛይኑን የሚሠራልሽ ልጅ ሴክሽን የሚባል ሥዕል ያወጣል፤ ቤቱ በቢላ እንደ ዳቦ ተቆርጦ ከጎን ሲታይ ማለት ነው። እዚያ ላይ የተፈጥሮ መሬቱ መስመር እንዳለ ይሣል፣ ቆርጠሽ የምትደርሺበት መስመርም ይሣል። ሁለቱ መስመሮች ካሉ ቁፋሮሽ ፈቃዱ ውስጥ አለ። ሰነፍ ረቂቅ አውጪ ግን ቢሮው ቁጭ ብሎ መሬቱን ሜዳ አድርጎ ይሥለዋል። ፈቃዱ በሜዳው ይወጣል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ሜዳ፣ ቦታው ላይ ሦስት ሜትር ገደል ያገኛል። ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ማሽኑ ደግሞ ቆሞም ይቆጥርብሻል። ስለዚህ ልጁን ቦታው ድረስ ይዘሽው ሂጂ። ጫማው ይቆሽሽ።

ይሄን የምነግርሽ ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ላይ አንድ ሥራ ነበረኝ። ባለቤቱ ችኩል ነው፣ እኔም ገና ጉልበተኛ ነኝ። ሥዕሉ ሜዳ ነበር። እኛ ሁለት ሜትር ተኩል ቀጥ አድርገን ቆረጥን። ቀዩን አፈራችንን ታውቂዋለሽ፤ ደረቅ ሲሆን እንደ ግንብ ይቆማል። ጥር ቆመ። የካቲትም ቆመ። ባለቤቱ "አየህ፣ ድጋፍ ምን ያደርጋል?" አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩ።

መጋቢት ላይ ሁለት ቀን ዘነበ። ጠዋት ስደርስ ከላይ፣ በጎረቤት ግቢ ውስጥ፣ ከጫፉ አንድ ሜትር ተኩል ገባ ብሎ ስንጥቅ አየሁ። ጣት ያስገባል። ከገደሉ ጎን ለጎን ይሄዳል። ምን እንዳደረግኩ ታውቂያለሽ? በእግሬ አፈር ገፍቼ ደፈንኩት። ሰው እንዳያየው።

በሦስተኛው ሌሊት ወረደ። የሰውዬው ሽንት ቤትና አራት የቡና ዛፎች ይዞ ወረደ። ቀን ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ስድስት ልጆች ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። እስከ ዛሬ ዝናብ ሌሊት ሲጥል እነቃለሁ።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ከታየ ደፍኖ ዝም ማለት የለም። ሰው ከሥሩ ይወጣል፣ መሐንዲስ ይጠራል፣ ውሃው ወደዚያ እንዳይሄድ ይጠለፋል።

ስለ ጎረቤትሽ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንብቢ። 1952 ነው የወጣው። ያኔም ቢሆን በመሬትህ ውስጥ ስትቆፍር የጎረቤትህን መሬት እንዳታናጋ፣ እዚያ ላይ የተሠራውን እንዳታደክም ብሏል። የግንባታ ፈቃድ ኪስሽ ውስጥ ቢኖርም የሰውዬው ማድ ቤት ከፈረሰ ካሳውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ። የማሽኑ ሰው ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

የጊንጆዋ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት፣ ለእናቴም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የስንጥቁ ጋ ስደርስ "በቃ፣ ቅዳሜ የለም" አለች። ደውዬ ሰረዝኩት፣ ሰውየው ተቆጣ።

ግን ዲዛይን እስኪሠራ ዝናቡ አይደርስብኝም? አሁን ጥር ነው። ደግሞስ አፈሩ የት ይሄዳል? እሱ "ወደ አዌቱ ዳር እንደፋዋለን" ሲል ነበር።

የቂጦ ተመራቂ

እኔ ሲቪል ምሕንድስና የጨረስኩት ቂጦ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው። አፈሩን በቁጥር ልንገርሽ።

ሙሉውን ወደ በሩ ደረጃ ካወረድሽው ላይኛው ጫፍ 3 ሜትር፣ ታችኛው 0 ነው፤ አማካዩ 1.5። 10 በ15 በ1.5፣ 225 ሜትር ኩብ። አፈር ሲቆፈር ይላላል፤ ሩብ ያህል ጨምሪበት፣ ወደ 280 ኩብ ይጠጋል። አንድ ሲኖ 16 ኩብ ቢጭን 18 ምልልስ ነው። በዚያ ጠባብ ኮብልስቶን ላይ 18 ጊዜ ሲኖ! "ግማሽ ቀን" ያለሽ ሰውዬ ይሄን አልቆጠረም።

መሃሉን ደረጃ ይዘሽ የላይኛውን ግማሽ ቆርጠሽ የታችኛውን ብትሞዪው ግን ላይኛው ጫፍ 1.5 ሜትር ብቻ ነው። አማካዩ 0.75፣ በ75 ካሬ፣ 56 ኩብ አካባቢ። እሱም እዚያው ይሞላል። ገደሉ በግማሽ ያጥራል፣ አፈሩ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከግቢ የሚወጣ ሲኖ የለም ማለት ይቻላል። ሙሌቱን የሚይዝ ግንብ በታች በኩል እንደሚያስፈልግሽ ግን አትርሺ።

አዌቱ ዳር አፈር መድፋት የሚባል ነገር አይታሰብ። ወንዙ ከተማውን መሃል ለመሃል ነው የሚያቋርጠው። የደፋሽው አፈር ወንዙን ያጠበዋል፣ ክረምት ላይ ውሃው የታች ሰፈር ሰው ቤት ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ጋሼን ልሞግት። ጅማ ሁሉ ቀይ አፈር አይደለም። ታች፣ ረግረጉ አካባቢ፣ ጥቁሩ አለ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱን ወደ ላይም ወደ ታችም ይጫወትበታል። ስለዚህ ማንም "አፈሩን አውቀዋለሁ" ብሎ አይጀምር። ሁለት ቦታ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈርና ይታይ።

ቀይ አፈር

ልጁ ልክ ነው፣ ስለ ጥቁሩ አልተናገርኩም። ጊንጆ ዳገቱ ላይ ግን ቀይ ነው የሚያጋጥምሽ፣ እንወራረድ። ጉድጓዱ ግን ይቆፈር።

ሙሌት ላይ አንድ ልጨምር። አፈሩን በስስ በስሱ እያነጠፉ፣ እርጥብ እያደረጉ፣ በደንብ ይጠቅጠቁት። የቤቱ መሠረት ግን ሙሌቱ ላይ እንዳይቆም። ሙሌቱን አልፎ ያልተነካው መሬት ላይ ይቁም። ሙሌት ላይ ግቢ አድርጊ፣ ጎመን ትከዪበት።

በላይ በኩል ከአጥሩ ሥር ጀምራችሁ እንዳትቆርጡ። ቢያንስ ሜትር ተኩል ተዉለት። የድጋፍ ግንቡ ከሥሩ የሚሰፋው ከቁመቱ ግማሽ እንዳያንስ፣ ከኋላው ጠጠር ይግባ፣ የውሃ መውጫ ቱቦ ይኑረው። ብዙ ጊዜ ግንብ የሚጥለው አፈሩ ብቻ ሳይሆን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ልኩን ግን መሐንዲሱ ያስላው፣ የእኔ የእጅ ልማድ ነው።

ዝናቡ ላይ ደግሞ እውነት አለሽ። እዚህ ከመጋቢት ጀምሮ አይታመንም፣ ክረምቱ ደግሞ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ወረቀቱ እስከ የካቲት አጋማሽ ካልደረሰ ዘንድሮ ተዪውና ቀጣዩን በጋ ጠብቂ። ኅዳር ላይ የቀን ሠራተኛ አታገኚም፣ ሁሉም ቡና ለቀማ ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይመለሳሉ።

የጊንጆዋ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

ዲዛይኑን የሚሠራውን ልጅ ቦታው ድረስ ወሰድኩት። ጫማው ቆሸሸ፣ ጋሼ። ቤቱን በሁለት እርከን አደረገው፤ ሳሎኑ ታች፣ መኝታ ክፍሎቹ አምስት ደረጃ ወጣ ብለው። አሁን የሚቆረጠው ትልቁ ቦታ 1.4 ሜትር ነው፣ እሱም ከአጥሩ ሁለት ሜትር ይርቃል። ሴክሽኑ ላይ ሁለቱም መስመሮች አሉ። የፕላን ስምምነቱን አስገብተናል። ዘንድሮ አይደርስም፣ ቀጣዩን በጋ እጠብቃለሁ።

ከዚያ እናቴ ግማሽ ኪሎ ስኳር ያዘችና ወደ ጎረቤታችን ሄድን። ቡና ተፈላ። ስለ ቁፋሮው ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ተነሱ። ከማድ ቤታቸው ጣሪያ የሚወርደው ውሃ በቀጥታ ወደኛ አጥር እንደሚመጣ አሳዩኝ። ሰላሳ ዓመት አንዳችንም አላየነውም። በእሳቸው ግቢ በኩል ቦይ ሊያስቆፍሩ ተስማሙ፣ ድንጋዩን እኛ እናቀርባለን።

ወሰኑን ስጠይቃቸው ደግሞ ከአባቴ ጋር አብረው የተከሉት ችካል እንዳለ ነገሩኝ። ፈለግነው፣ የለም። በመጨረሻ ወንድሜ አቦካዶው ሥር በርከክ ብሎ አፈሩን ጫር ጫር ሲያደርግ ድንጋዩን አገኘው። ሥሩ ውጦታል። ዛፉ የወሰኑ መስመር ላይ ነው የበቀለው።

ሽማግሌው ሳቁ። "እንግዲህ ግማሹ የናንተ ነው ማለት ነው፣ ለቅጠሉም እኩል ትጠርጋላችሁ" አሉ።

ቀያሹ ሰኞ ይመጣል። የማሽኑ ሰውዬ ዛሬም ደውሎ ነበር፣ አላነሳሁለትም።