የቮልስዋገን ጎልፍ መኪና ለመከራየት፦ ናፍጣው ይሻላል ወይስ ቤንዚኑ?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ ለሁለት ዓመት በውል ልከራያቸው የቀረቡልኝ ሁለት ሰባተኛ ትውልድ ጎልፎች ስላሉ ከመፈረሜ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ። ባለ ቤንዚኑ ጂቲአይ 220 የፈረስ ጉልበትና 350 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ሲኖረው፣ ባለ ናፍጣው ጂቲዲ 184 የፈረስ ጉልበትና 380 ኒውተን ሜትር አለው። በወር ሁለት ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ስለምመላለስ፣ ከደጀን ቁልቁል ወርጄ ዓባይን ከተሻገርሁ በኋላ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚያወጣው ዳገት ዋናው መመዘኛዬ ነው፤ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ በዝቅተኛ ዙር የሚጎትተው ናፍጣ ሞተሩን ሳያስጮኽ እንደሚወጣ እገምታለሁ። ልቤ ግን፣ አልደብቃችሁም፣ ወደ ቤንዚኑ ያደላል። ሁለቱም ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ስላላቸው የደጋው ስስ አየር ተርቦ የሌለውን ሞተር ያህል አያደክማቸውም።

እጅግ የሚያሳስበኝ የናፍጣው የጥላሸት ማጣሪያ ነው፤ በሌሎቹ ቀናት የምነዳው ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያለችውን አጭር መንገድ ብቻ በመሆኑ፣ ማጣሪያው ጥላሸቱን አቃጥሎ ለመጽዳት የሚያስፈልገውን ሙቀት ላያገኝ ይችላል። ከዚህ በፊት የተከራየሁት ናፍጣ መኪና በዚሁ ምክንያት ቆሞብኝ፣ ውሉ የጥገናውን ወጪ በእኔ ላይ ስለጣለው ለዕዳ ተዳርጌ ነበር። እንዲህ ያለውን መኪና በደጋ ከተማ የነዳችሁ፣ በወር ሁለት ረጅም ጉዞ ማጣሪያውን ለማጽዳት ይበቃ እንደሆነ፣ ጥገናውንም ባለንብረቱ እንዲሸከም በውሉ ላይ እንዴት ባስጽፍ እንደሚሻል እባካችሁ ንገሩኝ።