የኪተን ግድግዳ፣ የሎይድ ሰዓት እና የድምፅ አልባ ፊልሞች ፍጥነት

ብርቱካን ሲኒማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በድሮ የሆሊዉድ ተዋንያን ላይ ስንከራከር ሁሌም የሚነሱ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ጉዳዩን በደንብ የምታውቁ ብታብራሩልን ደስ ይለኛል። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንያዝ።)

አንደኛ፣ በ1928ቱ «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ውስጥ አውሎ ነፋስ የቤቱን የፊት ግድግዳ ገንጥሎ ባስተር ኪተን ላይ ይጥለዋል፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለችው ክፍት መስኮት ልክ እሱ የቆመበት ላይ ስለምታርፍ ግን ሳይነካው ያልፋል። አንዱ «ሁለት ምስል ተደራርቦ ነው» ይላል፣ ሌላው «ግድግዳው ወረቀት ነው» ይላል። የትኛው ነው?

ሁለተኛ፣ ሃሮልድ ሎይድ በ1923ቱ «ሴፍቲ ላስት» የሰዓቱን ዘንግ ይዞ ሲንጠለጠል ከሥሩ የሚታየው መንገድ እውነት ነው?

ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ የምናገኛቸው ቅጂዎች ብዙዎቹ ሰው ሁሉ እየሮጠ የሚኖር የሚያስመስሉት ለምንድን ነው? ማስተካከልስ ይቻላል?

የድንጋይ ፊት፦

እህቴ፣ ስለ መጀመሪያው ልመልስ። ግድግዳው እውነተኛ ነው፣ ከሥሩ የቆመውም ራሱ ኪተን ነው፣ የተደራረበ ምስል የለም። ቀረፃው የተካሄደው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ ላይ፣ ወንዝ ዳር በተሠራ ሰፈር ነው። የግድግዳው ክብደት ሁለት ቶን ገደማ እንደነበር ይነገራል። ወረቀት ወይም ስስ ጣውላ ሊሆን ያልቻለበት ግልጽ ምክንያት አለው። ትዕይንቱ የአውሎ ነፋስ ስለሆነ በአውሮፕላን ሞተር የሚዞሩ ትልልቅ ነፋስ ማመንጫዎች ቦታውን እየነፉት ነበር። ቀላል ግድግዳ በዚያ ነፋስ መሐል ሲወድቅ ይጣመማል፤ አንዱ ጎን ቀድሞ ይወርድና መስኮቷ ከታሰበላት ቦታ ትስታለች። ስለዚህ ከባድና የማይተጣጠፍ አድርገው ሠሩት፣ ከታችም በማጠፊያ አሰሩት። ክብደቱ የተጨመረው ለጥንቃቄ ነው።

ኪተን ራሱ በኋላ ሲያስረዳ፣ በሁለቱም ትከሻዎቹ በኩል፣ ከራሱ በላይና ከተረከዙ ኋላ ሁለት ሁለት ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ብቻ እንደተተወ ተናግሯል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፣ ስሌቱ ግን ለየትኛውም እንዲህ ላለ ግድግዳ ይሠራል። ግድግዳው እንደ በር ታችኛው ጠርዙ ላይ ይዞራል፤ ከማጠፊያው 4 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ነጥብ መሬት ሲደርስ ከማጠፊያው 4 ሜትር ርቆ ያርፋል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ ሰው ተረከዙን 4 ሜትር ላይ ቢተክል፣ አናቱ ከማጠፊያው በሰያፍ 4 ሜትር ከ33 ይርቃል። ስለዚህ የመስኮቷ ታችኛ ጠርዝ 3 ሜትር ከ95፣ ላይኛው ደግሞ 4 ሜትር ከ38 ላይ ይሆናል ማለት ነው። ግማሽ ሜትር እንኳ የማትሞላ ቀዳዳ!

አሁን ሰውየው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደፊት ይራመድ። አናቱ ወደ 4 ሜትር ከ60 ይሄዳል፣ ከመስኮቷ ላይኛ ጠርዝ በላይ ያለው ግድግዳ በቀጥታ ጭንቅላቱን ይመታዋል። ወደ ኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ደግሞ ጭንቅላቱ ያመልጥና ታችኛው ጠርዝ ትከሻው አካባቢ ጀርባውን ይመታዋል። ለዚህ ነው የሚቆምበት ቦታ መሬቱ ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ እሱም ተረከዙን እዚያው ላይ አድርጎ ንቅንቅ ሳይል የጠበቀው። ፊቱን ለግድግዳው አልሰጠም፤ ስለዚህ አይቶ የማምለጥ ዕድልም አልነበረውም። ድጋሚ ሊቀረፅ የሚችል ትዕይንት ስላልነበረ የተቀረፀው አንዴ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ደግሞ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1919 ከሮስኮ አርባክል ጋር በሠራው «ባክ ስቴጅ» ላይ ቀላል የመድረክ ግድግዳ በመስኮቱ በኩል አርባክልን አሳልፎ ይወድቃል። በ1920 «ዋን ዊክ» ላይ ኪተን ራሱ ከሥር ቆመ። በ1928 ያደረገው ያንኑ ነገር በሙሉ ቤት ልክ ማሳደግ ነው። ሦስቱን በተከታታይ ያየ ሰው አንድ ሐሳብ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደበሰለ ይገባዋል።

ስለ ኪተን አካል ከተነሳ፣ በ1924ቱ «ሼርሎክ ጁኒየር» ባቡር ጣሪያ ላይ ሮጦ የውሃ መሙያ ቱቦው ላይ ሲንጠለጠል ውሃው ገፍትሮ ሐዲዱ ላይ ይጥለዋል። ያን ጊዜ አንገቱ ተሰብሮ ነበር። የታወቀው ግን ከዓመታት በኋላ ሐኪም በራጅ የዳነ ስብራት ሲያይ ነው። ያ አወዳደቅ ፊልሙ ውስጥ አለ፤ ወድቆ ተነስቶ መሮጡን ይቀጥላል።

ባለመነጽሩ፦

የኪተንን ድፍረት አልክድም። ነገር ግን የሎይድ ሰዓት «ዘዴ ነው» ተብሎ በአንድ ቃል ሲጣል ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዘዴው ራሱ አደጋ ያለበት ነው።

መንገዱ እውነት ነው። የሎስ አንጀለስ መሐል ከተማ ነው፤ መኪናውም እግረኛውም የዕለቱ ነው። የሕንፃው ፊት ግን ለፊልሙ የተሠራ ነበር። ጣውላና ልስኑን ሰዓቱን ጨምሮ በአንድ እውነተኛ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከጠርዙ ገባ አድርገው አቆሙት። ካሜራውን ደግሞ ለዚሁ በተሠራ ማማ ላይ አውጥተው ወደ ታች አዘነበሉት። በዚያ ማዕዘን የጣሪያው ወለል ከምስሉ ውጭ ይቀራል፤ ዓይናችን የሚያየው የተሠራውን ግድግዳና ከሩቅ ያለውን መንገድ ብቻ ስለሆነ አእምሯችን ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ሎይድ በታሪኩ ከፍ ከፍ ሲል እነሱም ግድግዳውን ይዘው ወደ ረጃጅም ሕንፃዎች ይሄዱ ነበር። ለዚህ ነው የመንገዱ መጠን ከትዕይንት ወደ ትዕይንት በትክክል እያነሰ የሚሄደው።

ከሎይድ ሥር ፍራሽ የተነጠፈበት መድረክ ነበር። ሎይድ ራሱ እንደተናገረው ግን በአሻንጉሊት ሲሞክሩት ፍራሹ ላይ ነጥሮ ቁልቁል ወደ መንገዱ ወርዷል። መድረኩ ሰፊ እንዳይሆን ካሜራው ያግዳል፤ ሰፋ ካለ ምስሉ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መውደቁ ራሱ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ መንጠሩ ነበር የሚያስፈራው።

በሩቅ ሆኖ ሙሉ ሕንፃ የሚታይባቸው ትዕይንቶች ላይ የሚወጣው ቢል ስትሮዘር ነው፤ ሕንፃ መውጣት ሙያው የሆነ ሰው። ፊልሙ ላይ የሎይድን ጓደኛ ሆኖ የሚተውነውም እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ቀኝ እጁን ተመልከቱ። በ1919 ለፎቶ ሲነሳ የውሸት የመሰለው ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ የቀኝ እጁን አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አጥቷል። ከዚያ በኋላ ባሉት ፊልሞቹ የቆዳ ቀለም ያለው፣ ሰው ሠራሽ ጣቶች የገቡበት ጓንት ያደርጋል። የሰዓቱን ዘንግ ሲይዝ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ምንም ኃይል የላቸውም። ምስሉን አቁማችሁ ብታስተውሉ የቀኝ እጁ አያያዝ ከግራው የተለየ ነው።

ንጹሕ የካሜራ ዘዴ ማየት የፈለገ ቻፕሊንን በ1936ቱ «ሞደርን ታይምስ» ይመልከት። ዓይኑን ታስሮ በስኬት ጫማ ገደሉ ጠርዝ ላይ ሲንሸራተት፣ ገደሉ ከካሜራው ፊት የቆመ መስታወት ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። ወለሉ ከሥዕሉ ጀርባ ይቀጥላል። ይህ እንዲሳካ ቅርብ ያለው ሥዕልና ሩቅ ያለው ተዋናይ እኩል ጥርት ብለው መታየት አለባቸው፤ ለዚያ የሌንሱ ቀዳዳ ጠቦ ብርሃኑ መብዛት አለበት። ካሜራው ከሥፍራው ትንሽ ቢንሸራተት ደግሞ የተሳለው መስመር ከእውነተኛው ወለል ጋር መጋጠሙ ይቀራል።

የድንጋይ ፊት፦

ባለመነጽሩ፣ በጓንቱ ጉዳይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ልዩነቴ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሎይድ ከፍታውን በማዕዘን ፈጠረው፣ ኪተን ግን ካሜራውን ሩቅ አቁሞ ሙሉ ነገሩን በአንድ ምስል ያሳያል፤ ተመልካቹ የሚጠረጥረው ቦታ የለም። «ዘ ጄኔራል» ላይ በሎኮሞቲቩ ጎማዎች ማገናኛ ብረት ላይ ተቀምጦ ከብረቱ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አስታውሱ። እዚያ አደጋው ፍጥነቱ አልነበረም፤ ነጂው እንፋሎት ትንሽ ቢያበዛ ጎማዎቹ ሐዲዱ ላይ ተንሸራትተው በባዶ ይሽከረከራሉ፣ ብረቱም የተቀመጠበትን ሰው ይወረውረዋል። ለእኔ ከግድግዳው የሚበልጠው ይህ ጸጥ ያለ ትዕይንት ነው።

አሥራ ስድስት ፍሬም፦

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ እኔ ልግባ፤ ሁለቱ ትልልቅ ተዋንያን በትክክል የሚዳኙትም ፍጥነቱ ሲስተካከል ነውና።

ካሜራው በእጅ የሚዞር ነበር። በተለመደው አሠራር አንድ ዙር 8 ፍሬም፣ ማለትም 8 ነጠላ ምስል ያነሳል፤ በሰከንድ ሁለት ዙር ሲዞር 16 ፍሬም ይሆናል። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱ በሰከንድ 24 ላይ ተቆረጠ፣ ምክንያቱም ምስል ትንሽ ቢፈጥን ዓይን ይታገሣል፣ ድምፅ ሲለዋወጥ ግን ጆሮ ወዲያው ያውቃል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአንድ ጫማ ርዝመት 16 ፍሬም ይይዛል። 1,000 ጫማ ጥቅልል 16,000 ፍሬም ነው። በ16 ሲታይ 16 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ፣ በ20 ሲታይ 13 ደቂቃ ከ20፣ በ24 ሲታይ 11 ደቂቃ ከ7 ይፈጃል። አሮጌ ቅጂ ያለ ምንም ማስተካከያ በ24 ሲገለበጥ ሰዉ የሚሮጠው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ «ሁሉንም ወደ 16 መልሱ» የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። በ1920ዎቹ አብዛኛው ፊልም ከ16 በላይ ነበር የሚቀረፀው። በተጨማሪም የኮሜዲ ባለሙያዎች ሆን ብለው ቀስ አድርገው በማዞር እንቅስቃሴውን ያፈጥኑ ነበር። የማሳደድ ትዕይንት ወደ ተፈጥሮ ፍጥነት ከተመለሰ ቀልዱ ይሞታል። ስለዚህ በአንድ ፊልም ውስጥ እንኳ አንድ ትክክለኛ ቁጥር የለም፤ የሚፈለገው ብዙውን ትዕይንት የሚያስማማው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የማሳደድ ወይም የመደባደብ ያልሆነ ትዕይንት ምረጡ፤ ሰው በር ከፍቶ ገብቶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ይበቃል። ከኋላ የሚያልፉ መንገደኞችን፣ የሚወርድ ውሃን ተመልከቱ፤ እነሱ እየተወኑ አይደለም። ፋይሉ በ24 የሚሄድ ከሆነና ፊልሙ 20 የሚስማማው ከመሰላችሁ ፍጥነቱ 0.83 ይሆናል፤ 18 ከሆነ 0.75። ዩቲዩብ ላይ 0.75 ቀጥታ አለ፤ 0.85ን ደግሞ በራሳችሁ ማስተካከያ ታገኛላችሁ። ቪኤልሲ በተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የግራ ማዕዘን ቅንፍ ( [ ) ቁልፍ በ0.1 ይቀንሳል፣ የእኩል ይሆናል ምልክት ወደ 1 ይመልሳል። ሙዚቃው ስለሚጎተት ድምፁን ዝጉት።

ቅጂው አጭር ስለሆነ ብቻ ፈጥኗል አትበሉ። የቻፕሊን «ዘ ጎልድ ረሽ» በ1925 የወጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋል፤ የ1942ቱ 72 ደቂቃ ያህል ነው። ያ ቻፕሊን ራሱ በትዕይንቶቹ መሐል የሚነበቡትን ጽሑፎች አውጥቶ፣ ቆርጦ፣ የራሱን ትረካ ጨምሮ ያወጣው ሌላ ዝግጅት ነው። አስቀድማችሁ የትኛውን እንደያዛችሁ እወቁ።

በእጅ ማዞርን የሚንቅ ሰው ካለ የ1921ዱን «ዘ ፕሌይሃውስ» ያሳዩት። ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ መስመር ቆመው ይታያሉ። የካሜራ ባለሙያው ኤልጂን ሌስሊ ሌንሱን በዘጠኝ መከለያ ከፋፍሎ፣ አንዱን ብቻ ከፍቶ ቀረፀ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ አጠነጠነ፣ ቀጣዩን ከፈተ። ዘጠኝ ጊዜ እጁ እኩል ካልዞረ አንዱ ኪተን ከሌሎቹ ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

ብርቱካን ሲኒማ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የግድግዳው ስሌት ዓይኔን ገለጠልኝ። አንድ ብቻ ልጨምር፤ በነፃ ከሚገኙት ብዙ ቅጂዎች መሐል ጥሩውን ከመጥፎው በምን እለያለሁ?

አሥራ ስድስት ፍሬም፦

ከፍጥነቱ ቀጥሎ የምስሉን ግራ ጎን እዪ። ድምፅ አልባ ፊልም በሁለቱ ጠርዞቹ ባሉት ቀዳዳዎች መሐል ያለውን ስፋት በሙሉ ይጠቀም ነበር። የድምፅ መስመር ያለው ፊልም ላይ ሲገለበጥ ግን መስመሩ በግራ በኩል ቦታ ይወስዳል፤ ጥንቃቄ ያልነበረው ገልባጭ ምስሉን ሳያሳንስ ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። የጽሑፍ ካርዶቹ ላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ጽሑፉ መሐል ላይ መሆን ሲገባው ወደ ግራ ተጠግቶ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት ጠርዙን ከነኩ ቅጂው የተቆረጠ ነው። ቀጥሎ እግር እዪ። ኪተን ሙሉ አካሉ እንዲታይ አድርጎ ነው የሚቀርፀው፤ ሲራመድ ጫማው ከምስሉ በታች የሚጠፋ ከሆነ ከላይና ከታችም ተቆርጧል፣ ሌላ ፈልጊ። በግድግዳው ትዕይንት ላይ ተረከዙና የመስኮቷ ጠርዝ ሁለቱም ካልታዩሽ ያንን ቅጂ ተዪው።