የሚረጋውም የሚፈሰውም ደም፦ ለሁለቱ ሆስፒታሎች የምናስገባው የጋራ ጥያቄ ረቂቅ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም የማኅበራችን ቤተሰብ! እሑድ ሽምብጥ ስንገናኝ እንደተባባልነው፣ ባሕር ዳር ላሉት ለፈለገ ሕይወትና ለጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የምናስገባውን ጥያቄ እዚሁ እንጻፈው። ቀይሩት፣ ሰርዙት፣ ጨምሩበት። ሐሙስ ማታ እዘጋዋለሁ።

እኔ የምነሳው ከአባቴ እግር ነው። አምና ለፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ላለው የወንድ ዕጢ) ካንሰሩ ክትትል አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ፣ ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ቤት ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የቀኙ ወለቀ፣ የግራው እምቢ አለ። ካልሲውን ስስብለት ላስቲኩ ባቱ ላይ ጣት የሚያስገባ መስመር ሠርቷል። ቀኝ እግሩ ግን ደህና ነው። "መንገዱ ነው" አልን። እማዬ በሞቀ ውኃና በጨው አሸችው። በማግስቱ ወጌሻ መጣ። በሦስተኛው ቀን ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ ሳይደርስ ትንፋሽ አጠረው። ሆስፒታል ሲታይ ጭኑ ውስጥ ያለው ደም ሥር ላይ ደም ረግቷል፤ ከዚያም ተቆርጦ ሳንባው ጋ ደርሷል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ግን ያ ሁሉ እስኪሆን ድረስ የፕሮስቴት ካንሰር ደም ያረጋል ብሎ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። እኛ የሽንት በሽታ ነው ብለን ነው የያዝነው።

ረቂቄ ይኸውላችሁ፦ "የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ ሁሉ ስለ ደም መርጋት የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠው፤ የደም ማቅጠኛ መግዣ ያጣም ይደገፍ።" ምን ትላላችሁ?

ከደቅ ደሴት፦
እህቴ፣ አባባን እግዜር ይማርልሽ። ግን ይቺ ረቂቅ ብቻዋን ብትወጣ የኔን ወንድም አታድነውም። አትቀየሚኝ።

ታላቅ ወንድሜም እግሩ ላይ ደም ረግቶበት ዋርፋሪን የሚባለውን የሚዋጥ የደም ማቅጠኛ ጀመረ። መድኃኒቱ ተስማማው፣ እብጠቱም ጎደለ። ካንሰሩ አጥንቱ ጋ ስለደረሰ ወገቡን ያመዋል። አንድ ቀን ሲብስበት ከተማ ወጣ፣ አንድ ቦታ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን፣ ከማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ የሚያደማውን የሕመም ማስታገሻ ወጉት፣ የሚውጠውንም ያንኑ ጨምረው ሰጡት። ምን መድኃኒት ላይ እንዳለ የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም፣ መናገር እንዳለበት በምን ያውቃል። በአራተኛው ቀን ሽንቱ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውኃ መሰለ። ማታ ላይ የጉበት ቁራጭ የመሰለ የረጋ ደም መጣና ሽንቱ ዝግት አለ። ፊኛው ከእምብርቱ በታች እንደ ቅል ጉብ ብሎ በዓይን ይታያል። ሌሊት ነው፣ የጣና ማዕበል ከፍቷል፣ የሚነሳ ጀልባ የለም። እስኪነጋ ድረስ ወደቡ ላይ ጋቢ ደርቤለት፣ እሱ ጥርሱን ነክሶ እኔ እጁን ይዤ ተቀመጥን። ባሕር ዳር ስንደርስ ሦስት አፍ ባለው ካቴተር (በሽንት መውጫ በሚገባ ቱቦ) ውኃ እያስገቡ የረጋውን አጥበው አወጡለት።

እና ስለሚረጋው ብቻ ከተጻፈ ግማሽ ነው። የሚፈሰውም ይግባ።

ሲስተር፦
ጋሼ ልክ ብለዋል። ሰው ይኼን ለመቀበል ይቸገራል፤ ደም ወይ ይረጋል ወይ ይፈሳል እንጂ ሁለቱም በአንድ ሰው እንዴት ይሆናል ይላል። ይሆናል። የካንሰርና የደም መርጋት ዝምድና ትሩሶ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ካስተማረው ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ካንሰሩ ራሱ ደም እንዲረጋ የሚቀሰቅስ ነገር ይለቃል። በዚያ ላይ ቀዶ ጥገናው አለ፣ አልጋ ላይ መዋሉ አለ፣ የአባባ ዓይነት ረጅም መንገድ አለ፣ የወንድ ሆርሞን የሚቀንሰው ሕክምናም የራሱን ይጨምራል።

የሚፈሰውም መንገዱ ብዙ ነው። ዕጢው ራሱ ይደማል። ጨረር የወሰደ ሰው ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ፊኛው ወይ ፊንጢጣው ሊደማ ይችላል። ካንሰሩ መቅኔ ውስጥ ከገባ ፕላትሌት፣ ማለት ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ሕዋስ፣ ያንሳል። እኔን ሁሌ የሚያስፈራኝ ግን ዲአይሲ የምንለው ነው። በጣም ተሠራጭቶ ባለ የፕሮስቴት ካንሰር ላይ ይመጣል። ደሙ በየጥቃቅኑ ደም ሥር ውስጥ ይረጋና የሚያረጋው ነገር ራሱ ያልቃል፣ ጎተራው ባዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድዱም፣ አፍንጫውም፣ መርፌ የተወጋበትም ቦታ ይደማል፤ ሳይመታ ቆዳው ይበልዛል። ይኼን ያየ ቤተሰብ ማደር የለበትም። ደምና ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይሰጠዋል፣ ግን የሚያቆመው የካንሰሩ ሕክምና ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስገቡልኝ። ፕሮስቴቱ ሽንት ሲዘጋ ኩላሊት ይጎዳል። ሆድ ላይ የሚወጋው ማቅጠኛ፣ ኢኖክሳፓሪን፣ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ከደከመ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀምና ያደማል። ስለዚህ ማቅጠኛ ሲታዘዝ ኩላሊቱ ይታይ።

ደም አየሁ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ማቆምም አደጋ ነው። በዚያው ቀን መምጣት ነው።

ከላብራቶሪ፦
እኔ ስለ ጎመን ልጻፍ፣ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አይኤንአሩ (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ቁጥር) ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ጎመን በየቀኑ ይበላል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ዋርፋሪኑን ያደክመዋል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሐኪሙ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ፋሲካ ይመጣል፣ ጎመኑ በዶሮ ይተካል፣ የመድኃኒቱ መጠን ግን ከፍ እንዳለ ነው። ያኔ ደሙ ከልኩ በላይ ይቀጥናል። ጎመን አትብሉ አላልኩም። ልኩን አትለዋውጡ፤ ጾም ሲገባና ሲፈታ ግን ኑና እንለካችሁ። ይኼ በቀጥታ ጥያቄው ውስጥ ይጻፍ።

ሌላው ሰማያዊ ክዳን ያለው ብልቃጥ ነው። የደም መርጋት ምርመራ የሚሠራው በሱ ነው፤ እስከ መስመሩ ካልሞላ ውጤቱ ይሳሳታል። ከወረዳ ጎድሎ የሚመጣ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰውየውን መልሶ መቅዳት ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዷል። ጤና ጣቢያዎች ላይ አንድ ከሰዓት የሚሆን ማሳያ ብንሰጥ እኔ በነፃ እመጣለሁ።

የዕድር ሰብሳቢው፦
ልጄ ጥሩ ጀምረሻል። ወጌሻውን ግን አትውቀሱት። ሰው እግሬ አበጠ ብሎ ሲጠራው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። እኔ ሦስቱን አውቃቸዋለሁ፣ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ፦ ካንሰር ያለበት ሰው አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካያችሁ አትሹት፣ ወደ ሐኪም ስደዱት፤ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይሰሙኛል። ዋንዛዬ ፍል ውኃ ለእግሩ የሚሄድም አለ፣ መጀመሪያ ይታይ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን ይዞ ይሂድ።

ለሚደሙት የሚሰጠውን ደም ልገሳ በተመለከተ የዕድሩ ወጣቶች ዝግጁ ናቸው።

ሲስተር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሁሉም በአንድ ቀን አይለግሱ። ቀዩ ደም ሳምንታት ይቆያል፣ ፕላትሌት ግን ከ5 ቀን አያልፍም። ሰው ከለገሰ ደግሞ እንደገና የሚሰጠው ከ3 ወር በኋላ ነው። ስም፣ የደም ዓይነትና ስልክ ያለበት ተራ ይኑረን፤ ደም ባንኩ ሲፈልግ በተራ እንጥራ።

ጸሐፊዋ፦
እሺ፣ ቀየርኩት። እውነት ለመናገር የደቁን ጋሼ ሳነብ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ የአባቴን ብቻ ነበር ያየሁት። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

"ማንኛውም የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚ ሕክምና ሲጀምር ሁለት ገጽ ያለው ካርድ ይሰጠው። በአንዱ ገጽ የመርጋት ምልክት ይኑር፦ የአንድ እግር እብጠት፣ የባት ሕመም፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት የሚወጋ ሕመም። በሌላው የመድማት ምልክት ይኑር፦ የረጋ ደም ያለው ወይም የተዘጋ ሽንት፣ ጥቁር ወይም ደም ያለው ሰገራ፣ የማይቆም የድድና የአፍንጫ ደም፣ ያለ ምት መበለዝ። የሚወስደው ማቅጠኛ ስሙና መጠኑ፣ የመጨረሻው አይኤንአር፣ ፕላትሌትና የኩላሊት ውጤት ከነቀኑ ይጻፍ። 'ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሐኪሜ ሳያውቅ አትስጡኝ' የሚል በጉልህ ይታተም። ሌሊትም የሚነሳ አንድ የስልክ ቁጥር ይኑርበት።"

የመድኃኒት ድጋፉን አልተውኩትም፣ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ አለ፤ ከማህበረሰብ ጤና መድን ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ጠይቄ እጽፋለሁ። የላብራቶሪው፣ የወጌሻውና የለጋሾቹ ተራ እኛው የምንሠራው ስለሆነ ከሥር "የማኅበሩ ድርሻ" ብዬ ለየሁት። ባዶ እጃችንን ለመጠየቅ እንዳንሄድ።

የሌሊት ስልኩን እሺ ይሉ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ግን አልሰርዘውም።

ከደቅ ደሴት፦
አትሰርዢው። ያን ሌሊት የምደውልበት ቢኖረኝ ጀልባው ራሱ ባይነሳ ምን ማድረግ እንዳለብኝ እሰማ ነበር።

ካርዱ ግን ወረቀት አይሁን። ጣና ላይ ሁሉ ነገር ይረጥባል። ላሚኔት ይደረግ፣ ጥጉ ላይ ቀዳዳ ይኑረው። የኪስ ቦርሳ ቤት ይረሳል፣ ወንድሜ ማተቡን ግን አያወልቅም፣ ከሱ ጋር ያስረዋል። ሐሙስ በጠዋቱ ጀልባ እመጣለሁ፣ ናሙናውን አሳዪኝ።