ከአብሌሽን በኋላ የሚመጣውን የልብ መዝለል እንዴት ቻላችሁት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 57 ሲሆን የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ለሦስት ዓመት ያህል ሲመላለስብኝ ቆይቶ፣ ከሰባት ሳምንት በፊት በብሽሽቴ በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ አብሌሽን (ምቱን የሚያዛባውን ምልክት በጠባሳ የሚያግድ ሕክምና) ተደርጎልኛል። ከዚያ ወዲህ ልቤ እንደ ድሮው ለሰዓታት የተተራመሰበት ቀን የለም፤ ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በተለይ ማታ በግራ ጎኔ ስተኛ፣ ልቤ ጥቂት ጊዜ በደንብ ከመታ በኋላ ቀጥ ይላል፤ ትንፋሼን ይዤ ስጠብቅ አንድ ከባድ ምት ደረቴን ከውስጥ ይደቃዋል፤ ከዚያ ይስተካከላል። አንዳንድ ሌሊት ይህ በየደቂቃው ይደጋገማል። ሐኪሜ ለ24 ሰዓት ሆልተር በሚባለው፣ ሰውነት ላይ ተይዞ የልብ ምትን በሚመዘግብ መሣሪያ አስመዝግቦኝ፣ ኤክቶፒክ የሚባሉ ያለጊዜያቸው የሚመጡ ምቶች መሆናቸውንና በሽታው እንዳልተመለሰ ነግሮኛል። ቀን ቀን ቃሉን አምናለሁ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ባለቤቴ እንዳትነቃ ብዬ ሳሎን ወጥቼ፣ ጣቴን የእጄ አንጓ ላይ አድርጌ እስኪነጋ የተቀመጥኩባቸው ሌሊቶች አሉ። በዚህ ያለፋችሁ እንዴት ቻላችሁት? ቡናስ መተው ይኖርብኛል? ጾሙንስ?

መልስ 1፦

ወንድሜ፣ የጻፉትን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ወራት መልሼ ያየሁ መሰለኝ። እኔ አብሌሽን ከተደረገልኝ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ምቱ ከሦስተኛው ወር በኋላ እየሳሳ ሄደ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፤ አሁንም ሲደክመኝ ወይም እራት አምሽቼ ስበላ ይመጣል።

ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው ጣቴን ከአንጓዬ ላይ ያነሣሁ ጊዜ ነው። ቀኑን ሙሉ ልቤን ሳዳምጥ እውል ስለነበር አንዲት ምት እንኳ አታመልጠኝም ነበር። ከዚያ ግን ጠዋትና ማታ በተወሰነ ሰዓት ብቻ ለአንድ ደቂቃ ቆጥሬ፣ ያመለጡትን ምቶች ቁጥር፣ የበላሁትንና የተኛሁበትን ሰዓት በደብተር መጻፍ ጀመርኩ። ስትቆጥሩ የምታዩት ልዩነትም አለ፤ በኤክቶፒክ ጊዜ ዋናው ምት ስልቱን ይዞ እየሄደ መሐል ላይ ይቆራረጣል፣ በፊብሪሌሽን ጊዜ ግን የሚያዝ ስልት ራሱ የለም። ይህን በጣቴ ለይቼ ካወቅሁ በኋላ ሌሊት መነሣቱን ተውኩ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ለሐኪሜ ሳሳየው፣ ውኃ በደንብ ባልጠጣሁባቸው ቀናት ቁጥሩ እንደሚበዛ አብረን አየን።

መልስ 2፦

በልብ ሕክምና ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ፤ የምጽፈው የሐኪምዎን ምክር እንደማይተካ ይታወቅልኝ።

ቀጥ አለ ብለው የሚፈሩት ቅጽበት ልብ የቆመበት አይደለም። ያለጊዜው የመጣው ምት ልብ በደም ሳይሞላ የሚመታው ስለሆነ ደካማ ነው፤ አንጓ ላይ ጨርሶ ላይሰማ ይችላል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ዕረፍት ስለሚረዝም ልብ ከወትሮው በላይ ይሞላና የሚቀጥለው ምት በርትቶ ይወጣል፤ ደረትዎን የሚደቃው እሱ ነው። በግራ ጎን ሲተኙ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ስለሚጠጋ ይበልጥ ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የፈረንሳይ ቦርዶ ሐኪሞች በ45 ታማሚዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፊብሪሌሽንን የሚለኩሱት ኤክቶፒክ ምቶች በአብዛኛው ከሳንባ ወደ ልብ ደም ከሚመልሱት ሥሮች እንደሚነሡ አሳይተዋል። የአብሌሽን ዋና ሥራም በእነዚህ ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ሠርቶ ምልክቱ ወደ ልብ እንዳይሻገር ማገድ ነው። ጠባሳው እስኪጠና ቦታው ስለሚቆጣ፣ በዚህ ጊዜ የሚታይ መዛባት ሕክምናው ከሽፏል አያሰኝም። ይህ የማገገሚያ ጊዜ ለዓመታት ሦስት ወር ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የባለሙያዎች ዓለም አቀፍ ስምምነት ወደ ስምንት ሳምንት አሳጥሮታል። ከዚያ በኋላም ምቱ በብዛት ከቀጠለ እንደገና መመዝገብ ይገባል፤ ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሡ የበዙ ኤክቶፒክ ምቶች በሽታው ሊመለስ እንደሚችል አንዳንድ ጊዜ ይጠቁማሉና።

ስለ ቡና፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ በ100 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ቡና በጠጡባቸው ቀናት የላይኛው የልብ ክፍል ኤክቶፒክ ምቶች የጎላ ጭማሪ አላሳዩም፤ የታችኛው ክፍል ግን ጨምረዋል፤ እንቅልፋቸውም በግማሽ ሰዓት ገደማ አጥሯል። ስለዚህ ሐኪምዎ የትኛው ክፍል እንደሆነ ከሆልተሩ ይንገርዎ። እኔ ብሆን የጠዋቱን አቦል ሳልነካ ማታ የሚፈላውን እተወው ነበር። አልኮል ግን በግልጽ ይጎዳል።

ልብዎ ሳያቋርጥ ለብዙ ደቂቃ ከተተራመሰ፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ደረትዎን ካመመዎ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስከ ሁለት ወር ድረስ ደግሞ ትኩሳት፣ ሲውጡ ሕመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከታየ፣ በምግብ ቧንቧ ላይ የደረሰ ብርቅ ግን አደገኛ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል፣ አብሌሽን እንደተደረገልዎ አስቀድመው ይንገሯቸው።

መልስ 3፦

የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። እናቴ በልጅነቷ በያዛት የሩማቲክ ትኩሳት ምክንያት የልቧ በር ጠቦ ፊብሪሌሽን አለባት፤ አብሌሽን አልተደረገላትም፣ ዋርፋሪን የሚባል ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ስለ ጾም ስለጠየቁ አንድ ነገር ልጨምር። በዐቢይ ጾም ጎመን በብዛት ስለምትበላ የደሟ መቅጠን መለኪያ ሁለት ጊዜ ወርዶብን ደነገጥን፤ ጎመን በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ስለሚቀንስ ነው። አሁን ጾሙን ትጾማለች፣ የጎመኑን መጠን ግን ከፍስኩ ጋር እኩል አድርገነዋል። የእርስዎ መድኃኒት ከአዳዲሶቹ ከሆነ ጎመኑ አያስቸግርዎትም፤ ነገር ግን በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ከሆነ በጾም ሰዓት ምክንያት አንዱን እንዳይዘልሉት። ልቤ ተስተካክሏል ብሎ ደም ማቅጠኛን በራስ ፈቃድ ማቆምም ለስትሮክ ያጋልጣል።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች አንዱን፣ ኤሊኩይስን፣ በቀን ሁለት ጊዜ እወስዳለሁ፤ በጾም የጠዋቱን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እየገፋሁት እንደነበር ለሐኪሜ አልነገርኩትም፣ ነገ እደውልለታለሁ። ትናንት ማታ በቀኝ ጎኔ ጋደም ብዬ እንቅልፍ ሳይወስደኝ በፊት አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ፤ አራት አመለጡ። ደብተሩ ላይ ጽፌ መብራቱን አጠፋሁ።