የጋራ ፕሮፖዛል፦ የኖርዌይና የስዊድን የአንቲባዮቲክ አጠቃቀም፣ ረቂቅ 1 ላይ ሐሳብ ስጡ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ በስብሰባው እንደተባባልነው ረቂቁን ሼር አድርጌያለሁ፣ ያላያችሁት እባካችሁ ዛሬ እዩት። ኖርዌይና ስዊድን የተመረጡት ጎረቤት ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን ቁጥራቸው ለማንም ክፍት ስለሆነም ነው፣ ኖርዌይ በማዘዣ ከፋርማሲ የወጣውን ሁሉ በየሰዉ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምራ ነው የምትመዘግበው፣ ስዊድን ደግሞ ከ2005 አጋማሽ፣ ስለዚህ ሁለቱም ሙሉ ዓመት የሚኖራቸው ከ2006 ነው፣ እዛ እንጀምርና 2023 ላይ እናቁም ብያለሁ። መለኪያችን ዲዲዲ ነው፣ አዲስ ለገባችሁ፣ አንድ አዋቂ መድኃኒቱን ለዋና ጥቅሙ ሲወስድ የቀን አማካይ ተብሎ የተቀመጠለት መጠን ማለት ነው፣ እሱን ለ1000 ሰው በቀን እያደረግን እናሰላዋለን። ይሄን መለኪያ የሚይዘው ከ1982 ጀምሮ ኦስሎ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት ተባባሪ ማዕከል ስለሆነ ለነዚህ አገሮች የቤታቸው ነገር ነው።

ፋርማሲስቷ፦
እጅህ ይባረክ፣ ብዙ እንደደከምክበት ያስታውቃል። ግን የመጀመሪያው ግራፍ እንደዚህ ሆኖ መውጣት የለበትም። ጄ01 (የአንቲባዮቲኮች የምደባ ኮድ ማለት ነው) ብለህ ጠቅላላ የደመርከው ውስጥ ሜቴናሚን አለ። ሜቴናሚን ሽንት ውስጥ ወደ ፎርማልዲሃይድ እየተቀየረ ነው ጀርሙን የሚገድለው፣ ጀርሞችን እንደሌላው አንቲባዮቲክ አያላምድም፣ የሽንት ኢንፌክሽን የሚመላለስባቸው ሰዎች፣ በተለይ አሮጊቶች፣ በየቀኑ ለወራት ይወስዱታል፣ ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ አጠቃቀሙ በጣም ትልቅ ነው። በየቀኑ ለወራት የሚወሰድ ነገር ዲዲዲውን ምን ያህል እንደሚከምረው አስቡት፣ እሱን ሳናወጣ ብናወዳድር ኖርዌይ አንቲባዮቲክ አባካኝ ትመስላለች። የሁለቱም አገሮች ዓመታዊ ሪፖርቶች እኮ ጠቅላላውን ሲያሳዩ ሜቴናሚንን ለይተው ያወጡታል፣ እኛ ከነሱ ብሰን ልንገኝ አይገባም።

የዳታ ኮሚቴ፦
እህታችን ያለችው ልክ ነው፣ እኔም ሌላ ልጨምር። ዲዲዲ እራሱ ይቀየራል። የአሞክሲሲሊን ዲዲዲ እስከ 2018 መጨረሻ 1 ግራም ነበር ከ2019 ጀምሮ 1.5 ግራም ሆኗል። 500 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን የወሰደ በሽተኛ 10.5 ግራም ዋጠ፣ በድሮው 10.5 ዲዲዲ በአዲሱ ግን 7 ነው፣ ሰውየውም ክኒኑም ያው ነው። አንዱን አገር ከድሮ ሪፖርት ሌላውን ከአዲስ ድረገጽ ቀድተን ጎን ለጎን ካስቀመጥን በሽታ ሳይሆን የሂሳብ ለውጥ ነው የምናወዳድረው። ስለዚህ ሁሉንም ዓመት ወደኋላ ሄደን በአንድ ዓመት ዲዲዲ እናስላው፣ የትኛው ዓመት እንደሆነም ፕሮፖዛሉ ላይ ይጻፍ።

ወጣቱ አባል፦
ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ታዲያ ዲዲዲ ይሄን ያህል ካሳሳተ ለምን የማዘዣ ቁጥር ብቻ አንጠቀምም? ስዊድንም የራሷን ግብ ያስቀመጠችው በማዘዣ ነው አይደል፣ ለ1000 ሰው በዓመት ከ250 እንዳይበልጥ ብላ።

ሐኪሙ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ ሁለቱንም ነው መያዝ ያለብን። ስዊድን ውስጥ ለቶንሲል ፔኒሲሊን ቪ 1 ግራም በቀን 3 ጊዜ ለ10 ቀን ይሰጥ ነበር፣ ከዛ 800 ሚሊግራም በቀን 4 ጊዜ ለ5 ቀን ቢሰጥስ ተብሎ ተሞክሮ ውጤቱ በ2019 ታተመ፣ በሽተኞቹን በማዳን አጭሩ ከረጅሙ አላነሰም። አሁን አስላው፣ የመጀመሪያው 30 ግራም ነው ሁለተኛው 16፣ ዲዲዲው 2 ግራም ስለሆነ ከ15 ወደ 8 ይወርዳል። ማዘዣው ግን ያኔም 1 አሁንም 1። ዲዲዲ ወርዶ ማዘዣ ካልወረደ ሐኪሙ ያሳጠረው ቀኑን ነው፣ ሁለቱም ከወረዱ ለብዙ በሽተኞች ጭራሽ አልታዘዘላቸውም ማለት ነው። እነዚህ ለኔ በጣም የተለያዩ ዜናዎች ናቸው፣ አንዱን ብቻ ብንይዝ ይሄ አይታየንም።

ፋርማሲስቷ፦
ይሄ በጣም ደስ የሚል ነው ዶክተር፣ እባክህ አስተባባሪ ምሳሌውን እንዳለ ዘዴ የሚለው ክፍል ውስጥ አስገባው።

ነባር አባል፦
ልጆቼ፣ ስለ አረጋውያን ማንም አላነሳም። ኖርዌይ ውስጥ መጦሪያ የገባ ሰው መድኃኒቱ የሚገዛው በተቋሙ በኩል ነው፣ በስሙ ማዘዣ ስለማይወጣ በየሰው መዝገቡ ላይ የለም። ስዊድን ግን መጦሪያ ያሉትም አብዛኞቹ በየስማቸው ማዘዣ ስላላቸው ይቆጠራሉ። ረቂቁ ላይ ከ80 ዓመት በላይ ያሉትን ለብቻ እናወዳድር የሚለው ክፍል በዚህ ዳታ አይሆንም፣ የኖርዌይ አረጋውያን ትንሽ የሚወስዱ ይመስላል እውነቱ ግን ግማሹ ታሪክ ከመዝገቡ ውጭ መቅረቱ ነው። የዕድሜ ንጽጽሩን ከ65 በታች አድርጉት፣ ለጠቅላላው ደግሞ ሆስፒታልና መጦሪያ የሚገባበትን የጅምላ ሽያጭ ዳታ ጎን ለጎን አምጡ።

አስተባባሪ፦
ጋሼ እናመሰግናለን፣ ያን ክፍል አውጥቼዋለሁ። አንድ የቀረ ነገር፣ ወጣቶቹ ማጠቃለያው ላይ የኖርዌይ ዘመቻ ውጤት አመጣ የሚል ጽፈዋል፣ አገሪቱ ከ2012 አንጻር በ2020 አጠቃቀሙን በ30 በመቶ ልቀንስ ብላ ነበርና።

የዳታ ኮሚቴ፦
እሱን አልፈርምበትም። የግቡ ማብቂያ 2020 ነው፣ ያን ዓመት ሰው ተራርቆ ተቀምጦ የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ራሱ ቀነሰ፣ ስዊድንም በዛው ዓመት ወረደች። እስከ 2019 ያለውን መስመር ለብቻ፣ 2020 እና 2021ን ለብቻ፣ ከዛ በኋላ የተመለሰውን ለብቻ እንየው። ዘመቻው ሠርቶ ከሆነ ከ2019 በፊት ባለው መስመር ላይ መታየት አለበት።

ወጣቱ አባል፦
እሺ ተቀብያለሁ፣ አረፍተ ነገሩን አንስቼ ጥያቄ አደርገዋለሁ።

አስተባባሪ፦
የፕሮፖዛሉ ዋና ጥያቄ እንግዲህ የትኛው አገር ይበልጣል መሆኑ ቀርቶ ሜቴናሚን ወጥቶ፣ ዲዲዲው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ዕድሜ ተስተካክሎ የሚቀረው ልዩነት ምን ያህል ነው፣ በየትኛው የመድኃኒት ክፍልስ ነው የሚል ሆኗል። የዲዲዲውን ሠንጠረዥ የዳታ ኮሚቴ፣ የማዘዣውን ዶክተርና ወጣቶቹ፣ የጅምላውን እኔ ይዤያለሁ፣ እስከ ሐሙስ።

ፋርማሲስቷ፦
ሜቴናሚንን ስታወጡት ግን አትደብቁት፣ ለብቻው ትንሽ ግራፍ ይሠራለት፣ እሱን እኔ እሠራዋለሁ።